ወደ ግራ የተገመደው ገመድ

ሶትጎል፣ ኦክቶበር 27 ቀን 1974

ለኢየሱስ ምስጋና ይሁን።

የተከበሩ አክስቴ ጤቅላ፣

ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ስተወው ከርሜያለሁ። የምጽፈው አጥቼ አይደለም። ፊት ለፊት እንኳ አፌ የሚተሳሰር ልጅ በወረቀት ምን እላለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። ዛሬ ግን ከጸሎት በኋላ ጋሽ ኦም በሰው ሁሉ ፊት «ፒልሬ፣ አክስትሽ ጀርመን ድረስ ሄዳ ስትጽፍልሽ አንቺ እዚህ ታች ፖስታ ቤት መውረድ አቃተሽ?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የጸሎት ቤታችን አለቃ ስለሆኑ መልስ አልሰጠኋቸውም፤ ባይሆኑም አልሰጣቸውም ነበር።

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልዎ፤ በሰው አገር ሲሠሩ እጅዎን ያበርታልዎ። እኛ ደህና ነን። አያቴም ደህና ናት። የላኩላትን ሹራብ ለብሳ መንደሩን ዞረችበት። ጎረቤታችን የቹንዶል እናት «ምነው እንዲህ አበጥሽ?» ብትላት «ቅናት ነው የሚያስወራሽ» ብላ አለፈቻት።

ጋኖቹ ሁሉ ከብርዱ በፊት በምድጃ ተቃጥለው ወጥተዋል። ዘንድሮ የተሰነጠቀ ብዙ የለም። አያቴ አንዳንዴ እኔን «ኦክጂን» ብላ በእርስዎ የቤት ስም ትጠራኛለች፤ ስለምመስልዎ ይሆናል። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ወደ ነርሶች ትምህርት ቤት ሊገቡ መሆኑን የጻፉልንን ደብዳቤ ለጋሽ ኦም አነበብኩላቸው። ከሸክላ ሠሪ መንደር ነርስ ወጣ ሊባል ነው ብለው በጣም ተደሰቱ። የምለምንዎ ነገር ቢኖር መርፌ ነው። የጀርመን መርፌ አይዝግም ይላሉ።

የወንድምዎ ልጅ፣
ፒልሬ አጋታ


ዶርትሙንድ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1974

ለኢየሱስ ምስጋና ይሁን። በአንቺና በእናቴ ላይ ሰላሙ ይደር።

የኔ ዓይናፋር፣

መጀመሪያ «የተከበሩ» እና «እርስዎ» የሚባሉትን ነገሮች ተይልኝ። ጀርባዬ ላይ ታዝለሽ እየሸናሽ ያደግሽ ልጅ ዛሬ «እርስዎ» ስትዪኝ ዞር ብዬ ማንን ነው አልኩ። ወንድሜ ነፍሱን ይማርና አንቺን ለእኔና ለእናቴ ትቶልን ሲሄድ እንዲህ እንድንጠራራ አልነበረም።

መርፌዎቹን ልኬያለሁ። ከእነሱ ጋር በሱፍ ካልሲ የተጠቀለሉ አራት ሻማዎች ታገኛለሽ፤ ሦስቱ ወይን ጠጅ፣ አንዱ ሮዝ። እዚህ ስብከተ ገና ሲገባ የጥድ ቅርንጫፍ እንደ ቀለበት ይጠመጥሙና አራት ሻማ ያቆሙበታል። በመጀመሪያው እሑድ አንዱን ብቻ ያበራሉ፣ በሚቀጥለው ሁለቱን፣ እንዲህ እያሉ እስከ ገና። መጀመሪያ ሳየው እነዚህ ሰዎች በሻማም ይቆጥባሉ ብዬ ስቄ ነበር። አሁን ግን እኔ በምሠራበት የአረጋውያን ክፍል የመጀመሪያዋ ሻማ ስትበራ ሁሉም ዝም ሲሉ አያለሁ። አንቺም ከጭድና ከጥድ ሥሪና ለእናቴ አብሪላት።

ለነገሩ እኔም የስብከተ ገና ልጅ ነኝ፤ እናቴ ነግራሽ ነግራሽ ሰልችቶሽ ይሆናል። እኔ የተወለድኩ ሰሞን በየመንደሩ የሚዞሩት አባ ለኑዛዜ መጡ። በራችን ላይ ደግሞ የልደት ገመድ ተሰቅሏል። ወንድ ብሆን ቀይ ቃሪያ ይሰካበት ነበር፤ እኔ ስለሆንኩ ጥድና ከሰል። ረጅሙ ፈረንሳዊ ቄስ ጎንበስ ብለው ሊገቡ ሲሉ እናቴ ከውስጥ ጮኸች፦ «ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጳጳስም ቢሆን አይገባም! ሕፃን አለ!» ሰውየው በረዶ ውስጥ ቆመው ከገመዱ ማዶ ኑዛዜዋን ሰሙ። መንደሩ ሁሉ ጆሮውን ይዞ ፊቱን አዞረ። ጢማቸው ነጭ በነጭ ሆኖ ሲመለሱ «ይህች ሴት ጌታ ቢወለድ በደንብ ትጠብቀው ነበር» አሉ ይባላል።

አሁን ቁም ነገሩን ስሚኝ። እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ለትምህርት ቤቱ መፈረም አለብኝ። ከፈረምኩ ሦስት ዓመት ወደ አገር መምጣት አይቻለኝም። ካልፈረምኩ የሥራ ውሌ ስለሚያልቅ ጓዜን ይዤ እመለሳለሁ። እናቴ ደህና ከሆነች እፈርማለሁ። አንቺ ግን «ደህና ናት» ብለሽ እንደ ቴሌግራም ቆረጥሽው። ከእሷ አፍ የወጣ ቃል እፈልጋለሁ። እንዳለችው ጻፊው፤ አታሳምሪው።

የምትናፍቅሽ፣
አክስትሽ ኦክጂን


ሶትጎል፣ ኖቬምበር 23 ቀን 1974

ለኢየሱስ ምስጋና ይሁን።

ውድ አክስቴ፣

እግዚአብሔር ከብርዱ ይከልልሽ። «አንቺ» ብዬ ሁለት ጊዜ ሰርዤ መልሼ ጻፍኩት፤ ግን አንቺው ነሽ ያዘዝሽኝ።

መርፌዎቹ ደርሰዋል፣ ሻማዎቹም ሳይሰበሩ ደርሰዋል። የቹንዶል እናት ሮዟን ሻማ አሽትታ «ይህ ይበላል?» አለች። ሰሞኑን ለክረምት ጎመን የምናብላላበት የኪምቺ ሥራ ላይ ነን። ጎመኑን በየቤቱ እየዞርን በኅብረት ነው ያጠብነው፤ እጃችን ሁሉ በቃሪያ ተቃጥሏል። ጋኖቻችን አፈር ውስጥ ተቀብረዋል፣ ክዳናቸው ብቻ ይታያል።

አባ ዘንድሮ ከገና በፊት ባለው የመጨረሻው እሑድ ይመጣሉ ተብሏል። መንደሩ ከወዲሁ ሌላ ወሬ የለውም። ማን ዶሮ ያርዳል፣ ማን ነጭ ሩዝ ያዋጣል፣ የማን ምንጣፍ ንጹሕ ነው፤ ይኸው ነው። ማታ ማታ ደግሞ ሁሉም የሃይማኖት ጥያቄና መልሱን ያነበንባል። አባ ከኑዛዜ በፊት አንድ በአንድ ስለሚጠይቁ እንዳያፍሩ ነው። የቹንዶል እናት «ያን ሁሉ ጥያቄ የሚያውቅ ሰው ኃጢአት መሥራት መቼ ይመቸዋል?» እያለች ታሾፋለች። አያቴ ለመንደሩ ሁሉ ስታስጠና እንደኖረች ታውቂያለሽ። ዘንድሮ ጉሮሮዋን አሟት ቤት ቀርታለች።

ቃሏን ጽፌልሻለሁ። እንዲህ ብላለች፦ «ልጄ ሆይ፣ ናፍቆትሽ ልቤን ሞልቶታል። ስለ እኔ ከቶ አታስቢ። በትምህርትሽ ጽኚ። እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ።»

ስለዚህ መፈረም ትችያለሽ።

የወንድምሽ ልጅ፣
ፒልሬ


ዶርትሙንድ፣ ዲሴምበር 4 ቀን 1974

ለኢየሱስ ምስጋና ይሁን።

ፒልሬዬ፣

እናቴ በሕይወቷ «ልጄ ሆይ» ብላኝ አታውቅም። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ልትሸኘኝ መጥታ እንኳ ሰው ሁሉ ሲላቀስ «በልተሻል?» ነው ያለችኝ። ባገባም፣ ብታመምም፣ ብሞትም የመጀመሪያ ጥያቄዋ ያው ነው። አንቺ የላክሽልኝ ላይ «በልተሻል?» የለም።

አልተቆጣሁሽም። ስሚኝ ብቻ። እዚህ በየጠዋቱ የማጥባቸው አንዲት አሮጊት አሉ። በየጠዋቱ ስሜን ይጠይቁኛል። እነግራቸዋለሁ፣ «ደስ የሚል ስም ነው» ይሉኛል፣ ፎጣውን ሳወጣ እንደገና ይጠይቁኛል። ስለዚህ እናቴ በአንቺ ስም ፋንታ የእኔን ስትጠራ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ላይ አልፌው ነበር፤ ማየት አልፈለግኩም ነበር መሰለኝ።

ስለ መፈረሙ ተይው። እሱን ለእኔ ተይልኝ። ለምን ብቻሽን ተሸከምሽው?

አክስትሽ


ሶትጎል፣ ዲሴምበር 21 ቀን 1974፣ ቅዳሜ

ለኢየሱስ ምስጋና ይሁን።

አክስቴ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። ከሹራቤ ሥር ይዤው ስዞር ጠርዙ ተልጧል።

ያን ቃል አያቴ አላለችውም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። በዚያ ቀን እውነትም ጠይቄያት ነበር። «ለኦክጂን ምን ብዬ ልጻፍላት?» ስላት «ኦክጂን አንቺ አይደለሽ?» አለችኝ። ይህን ብጽፍልሽ አትፈርሚም ብዬ ፈራሁ። ለአንቺ ብቻ ብዬም አይደለም። ሰው ካወቀ በየቀኑ እየመጣ ይጠይቀኛል፤ እኔ ደግሞ ሰው ሲጠይቀኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወዳለሁ። መርሳት የጀመራት በጸደይ ነው። ድሮ የሸጥናትን ላም ልትፈልግ ወንዝ ወረደች። ጨው የጨመረችበት ወጥ ላይ ደግማ ትጨምራለች፤ እኔም ዝም ብዬ እበላለሁ። ጉሮሮዋንም አላመማት።

አሁን የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

እንዳልሽኝ ከጭድ ገመድ ቀለበት ሠራሁ፣ ጥድ ሰካሁበት፣ በመጀመሪያው እሑድ አንዷን ሻማ አበራሁ። አያቴ አየችና «አራት እያለሽ አንድ? እንግዳ እንዲወድቅብን ነው?» አለች። ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ጥሩ ማታ ነበር።

በሁለተኛው እሑድ ከጸሎት ቤት ስመለስ ቀለበቱ የለም። ሻማዎቹ ወለሉ ላይ ተደርድረዋል። ቀና ስል በራችን ላይ ገመድ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል፤ ጥድ፣ ከሰል፣ ጥድ፣ ከሰል። የእኔን ቀለበት ፈትታ ነው የሠራችው። እኔ ገመዱን ጋን እንደምናስርበት ወደ ቀኝ ነበር የገመድኩት። እሷ ፈትታ ወደ ግራ ገምዳዋለች፤ የልደት ገመድ ወደ ግራ ነዋ የሚገመደው። የእኔን ስም የረሳች ሴት ያን አልረሳችም። እንደዚያ ያለ ጥሩ ገመድ ከእጇ ከወጣ ቆይቷል።

ላወርደው ስል ጮኸችብኝ። በጣም ጮኸች። ተውኩት። ነገ ትረሳዋለች ብዬ ነበር፤ እሱን ግን አልረሳችውም። ጠዋት ጠዋት እየወጣች ታየዋለች።

አስቢው እንግዲህ። በዚህ ቤት ያለነው አንዲት አሮጊትና አንዲት ያላገባች ልጅ ነን፤ በራችን ላይ ደግሞ ሴት ልጅ ተወልዳለች የሚል ገመድ ተሰቅሏል።

ሰው መምጣት አቆመ። ልማዱ ነው፣ ገመዱን አልፎ የሚገባ የለም። ግን ውኃ መቅጃው ላይም ዝም ይሉኝ ጀመር። በሦስተኛው እሑድ ጸሎት ቤት ስገባ ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ፣ ከሚገባው በላይ ሰፊ ቦታ። የቹንዶል እናት ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ፒልሬ፣ ሰውነትሽ ሞላ አላለም?» አለች። ሌላዋ «ብርድ እኮ ያወፍራል» አለቻት። እኔ ሹራብ በሹራብ ደርቤ ነበር። «ሹራብ ነው» ማለት እንዴት ያቅታል? አቃተኝ። ጆሮዬ ብቻ ጋለ። ሲቀላብኝ ደግሞ የባሰ አመኑ።

በማግስቱ በር ስከፍት ከገመዱ ሥር አንድ እቅፍ የደረቀ የባሕር ቅጠል ተቀምጧል፤ ለአራስ ሾርባ የሚሠራበት። የታሰረበትን ጨርቅ አውቀዋለሁ፣ የቹንዶል እናት መቀነት ቅዳጅ ነው። አፏ እንደዚያ ነው፣ እጇ ደግሞ እንደዚህ። ተቀምጬ አለቀስኩ። አያቴ ግን ቅጠሉን ስታይ ደስ ብሏት ሾርባ ሠራች፣ ጨውም ልክ ነበር፤ ሁለት ሳህን ጠጥታ «አራስ ስሆን ብቻ ነው ሰው የሚያስበኝ» አለች።

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ኦም መጡ። ከገመዱ ወዲያ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ፒልሬ፣ ልጄ፣ እስቲ ብቅ በዪ።»

ወጣሁ። እሳቸውም እንደ እኔ ወደ መሬት ነበር የሚያዩት።

«እኔ ልፈርድብሽ አልመጣሁም» አሉ። «ግን ነገ አባ ሲመጡ ይህን በር ያዩታል። ምንድን ነው ብለው የሚጠይቁት እኔን ነው። ምን ልበላቸው?»

ያኔ ከውስጥ አያቴ ተጣራች።

«ማነው እሱ? ኦም ነህ? ወዲያ ቁም! ሕፃኗ ተኝታለች!»

«የማን ሕፃን፣ እማማ?»

«የማን ይሆናል፣ የኔ ናት እንጂ! ኦክጂን ብያታለሁ። አትጠጋ ብዬሃለሁ፣ እጅህ ጭቃ ነው። አንተ መቼ እጅህን ታጥበህ ታውቃለህ?»

ጋሽ ኦም እጃቸውን አዩ። እውነትም ጭቃ ነበር። ከዚያ እኔን አዩኝ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ከጸደይ» አልኩ። ያቺን አንዲት ቃል ለማውጣት ጉልበቴ ሁሉ አለቀ።

«እኛ ደግሞ አንቺን...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ኮፍያቸውን በእጃቸው አዟዟሩት። «እኔ ለሰው እንድናገርልሽ ትፈልጊያለሽ?»

እሺ ልል ነበር። እንዴት እንደምወድ! እሳቸው ቢናገሩልኝ እኔ ከኋላ ቆሜ መሬት አያለሁ። ግን ራሴን ነቀነቅኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

«እንግዲያውስ አባ ከመምጣታቸው በፊት ወይ ገመዱን አውርጂው፣ ወይ አንቺው ተናገሪ» አሉና ሄዱ። ሲሄዱ እጃቸውን በሱሪያቸው ይጠርጉ ነበር።

ከሄዱ በኋላ ላወርደው ወንበር ላይ ወጣሁ። ቋጠሮውን ይዤ ሳለሁ አያቴ ከኋላዬ መጣች። ዛሬ አልጮኸችም። «ካወረድሽው ማን እንደመጣ ሰው በምን ያውቃል?» አለችኝ።

ከወንበሩ ላይ ሆኜ ታች መንደሩን አየሁት። መንገዱ ተጠርጓል። ጭስ ከየቤቱ ይወጣል፤ የዶሮ ላባ ይነጫል፣ ሩዝ ይታጠባል። የጋሽ ኦም ልጆች ጥያቄና መልሱን እየጮሁ ያጠናሉ። እኔም ሳምንቱን ሙሉ ያሰብኩት ሰው ስለ እኔ ምን እንደሚል ነበር። ሁላችንም የምንሰናዳው ለአባ ነው። ሕፃን እንደሚመጣ ትዝ ያላት አያቴ ብቻ ናት። ስሙን ተሳስታ ይሆናል፤ የምትጠብቀው ግን ጌታ እንደሚጠበቅ ነው። ከወንበሩ ወረድኩ።

ከዚያ ወደ ቤት ስንገባ እጄን ይዛ «ኦክጂን በልታለች?» አለችኝ። አክስቴ፣ ይህ ከአፏ የወጣ ነው። አላሳመርኩትም።

«በልታለች» አልኳት። ውሸታም እንዳልሆን፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ እባክሽ ከመፈረምሽም ከማልቀስሽም በፊት ትኩስ ነገር ብዪ።

ፈርሚም አትፈርሚም አልልሽም፤ ዳግመኛ ለአንቺ አልወስንም። ብትፈርሚ ሦስቱን ዓመት ከእሷ ጋር እኔ አለሁ፤ ጎረቤትም ይኖረኛል። ብትመጪም በሩን እከፍትልሻለሁ። ግን ለአያቴ ሕፃኗ አንቺ ስለሆንሽ፣ ትልቋን አንቺን ታስገባሽ እንደሆነ አላውቅም።

ነገ አራተኛው እሑድ ነው። ጠዋት አራቱንም ሻማዎች ከገመዱ ሥር አቆማቸውና አበራለሁ። ከዚያ ጸሎት ቤት እወርዳለሁ። አባ ጥያቄ ከመጀመራቸው በፊት እነሳለሁ፤ ጆሮዬ ይቀላል፣ ይቅላ። አያቴ እየረሳች እንደሆነ፣ ገመዱን የሰቀለችውም እሷ እንደሆነች ለሁሉም እናገራለሁ። የቹንዶልን እናት ሾርባው ጥሩ ነበር እላታለሁ። አያቴ አራስ ስለሆነች ከቤት አትወጣም፤ ስለዚህ አባን ዳገቱን ይዣቸው እወጣለሁ። በሩ ጋ ስንደርስ አንድ የምላቸው ነገር አለኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ብቻዬን ሆኜ ጮክ እያልኩ ስለማመደው ውያለሁ፦ «አባ፣ እባክዎ ከገመዱ ወዲያ ይቁሙ። ሕፃን አለ።»

ፒልሬ